አባቴ ያመጣት ድሃ አደግ

በስምንት ዓመቴ አባቴን የሚያህል ደግ ሰው በምድር ላይ ያለ አይመስለኝም ነበር። እናቴን ደግሞ ክፉ ናት ብዬ ደምድሜ ነበር። እናትና አባት የሌላት አንዲት ልጅ ከኢትዮጵያ መጥታ ከእኛ ጋር ልትኖር ነው ሲባል አባቴ ላገኘው ሰው ሁሉ ያወራል፣ ይሞገሳል፣ ደረቱን ይነፋል። እናቴ ግን ፊቷን ታጠቁራለች፣ ብርጭቆ ከእጇ ያመልጣታል፣ መታጠቢያ ቤት ገብታ በሩን ትቀረቅራለች። ልጅ ያየውን ነው የሚያምነው፤ እኔም ያየሁትን አመንኩ።

ዘመኑ በፈረንጆቹ 1973 ነው። ኦክላንድ ውስጥ፣ ከሌክ ሜሪት ከፍ ብሎ፣ አሳንሰሩ ከሚሠራበት ቀን የሚቆምበት የሚበዛ አፓርትመንት ነበር ቤታችን። አባቴ እምሩ በንጉሡ ጊዜ ስኮላርሺፕ አግኝቶ መጥቶ ማስተርሱን የያዘ፣ ዶክትሬቱን ጀምሮ የተወ፣ ሰዎች "ዶክተር እምሩ" ሲሉት ግን አንድም ቀን "ኧረ ገና ነኝ" ብሎ የማያውቅ ሰው ነው። ሬድውድ ሲቲ አንድ ቢሮ ውስጥ ግማሽ ቀን ይሠራል፤ የቀረውን ግማሽ ቀን ያስባል። እናቴ ውብዳር ኤል ሴሪቶ በሚገኝ ናርሲንግ ሆም ሌሊቱን ሽማግሌና አሮጊት ስታገላብጥ አድራ፣ ጠዋት በአውቶቡስ መጥታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ ቁርሴን ትሠራልኛለች። እሷ ምን እንደምታስብ ጠይቋት የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ቤታችን የጥናት ክበብ ይሰበሰባል። ወንዶቹ ሶፋው ላይ ተጨናንቀው ሲጋራቸውን እያጨሱ ስለ ጭሰኛው፣ ስለ ሠራተኛው፣ በወሩ መጨረሻ ደግሞ ስለ ሴቶች ነፃነት ይከራከራሉ። ስለ ሴቶች ነፃነት ሲከራከሩ ሻይ የምታቀርበው እናቴ ነበረች። ይሄ አንዳቸውንም ገርሟቸው አያውቅም።

ከእነዚህ ቅዳሜዎች በአንዱ አባቴ ብድግ አለ። ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ጓዶች፣ ወሎ ውስጥ ሕዝባችን እየረገፈ ነው። እኛ እዚህ ቁጭ ብለን ፔፐር እንጽፋለን። ውብዳርና እኔ ግን አንድ ነገር ወስነናል። በረሃቡ እናትና አባቷን ያጣች የደሴ ልጅ አለች፤ ፅጌረዳ ትባላለች። አዶፕት እናደርጋታለን። ሄደን እናመጣታለን!"

ቤቱ በጭብጨባ ተናጋ። ጋሽ ገብረክርስቶስ፣ ሳን ሆዜ የሚኖረው ኢንጂነር፣ መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን ጠረገ። "ዶክተር፣ አንተ እኮ የምትናገረውን የምትኖር ሰው ነህ!" አለው። አባቴ አንገቱን ደፋ። ትሕትና ሲጫወት እንዴት እንደሚያምርበት!

እናቴ ኩሽና በር ላይ ትሪ ይዛ ቆማ ነበር። ትሪው ዘመመና ብርጭቆዎቹ እየተንሸራተቱ ወለሉ ላይ ተከሰከሱ። ሁሉም ዞሮ አያት። እኔ በእሷ ቦታ አፈርኩ። ለአንዲት ምስኪን ልጅ ቤት ሲሰጣት የምትበሳጭ ሴት፣ ያውም የኔ እናት! ስብርባሪውን ስትለቅም ላግዛት አልሄድኩም።

አልጋዬ የተጠጋበት ግድግዳ ስስ ነበር፤ በዚያ በኩል የእነሱ መኝታ ቤት ነው። በዚያው ሳምንት እሑድ ከሰዓት፣ ተኝታለች ሲሉኝ፣ ጆሮዬን ጥዬ ሰማኋቸው።

"እማ ካለችሽ አለቀልን" አለ አባቴ። "እትዬ ነው የምትልሽ። ከአሁኑ ሰው ልኬ አስነግራታለሁ፣ ትለማመድ።"

"አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው እኮ እምሩ። ሕፃን አይደለችም፣ ታውቃለች።"

"ትወቃ! እያወቀች እትዬ ትበልሽ። እኔ አልከለከልኩሽ፤ ትምጣ አልኩሽ። ከዚህ በላይ ምን ላድርግልሽ?"

እናቴ ያለችው አልተሰማኝም። እኔ ግን በደስታ ትራሴን አቀፍኩ። አየሽ፣ አባዬ ስለኔ ነው የሚከራከረው አልኩ ለራሴ። እማ የኔ ብቻ ናት፤ የመጣ ሁሉ እማ እንዲላት አይፈቅድም። ያን ቀን ከሰዓት አባቴን እንደወደድኩት ማንንም ወድጄ አላውቅም።

አሁን ስልሳ ሞልቶኛል፤ የሰማሁትን አሳምሬ አውቀዋለሁ። እናቴ ደሴ ተማሪ ሳለች፣ በአሥራ ሰባት ዓመቷ፣ ፅጌረዳን ወልዳለች። ያስረገዛት የሂሳብ አስተማሪ ዝውውር ጠይቆ እብስ አለ። ልጅቷን ሁለት ዓመት አጥብታ፣ ለአያቴ ትታ፣ አዲስ አበባ የታይፕ ጽሕፈት ተምራ ሥራ ያዘች። አባቴ ሚስት ፍለጋ ከአሜሪካ ሲመጣ ሁሉንም ነግራዋለች፤ አልደበቀችውም። "ለእኔ ምንም ማለት አይደለም፣ እኔ ሞደርን ሰው ነኝ" አላት። ከዚያ ቀጠለና "ሰው ግን እንዳይሰማ" አላት። የሞደርንነቱ ልክ እስከዚያ ድረስ ነበረች።

አያቴ እኔ ስምንት ዓመት በሞላኝ ዓመት በኩላሊት በሽታ አልጋዋ ላይ ሞተች። ፅጌረዳ አንድ የሩቅ አጎት ቤት ገባች፤ እዚያ ከትምህርት ቤት አስቀርተው ወጥ ቤት ጣሏት። እናቴ ይህን ስትሰማ አባቴ እግር ላይ ወደቀች። እሱም ፈቀደ። የፈቀደው ግን ልጅቷ የእናቴ ልጅ መሆኗ ከተካደ ነው። ረሃቡን የጨመረው ከጋዜጣ ነው። በዚያ ሰሞን የወሎ ነገር የክበቡ ዋና ወሬ ነበር፤ የሞተ ሕዝብ ለአባቴ ክብር ቢጠቅም ምን ቸገረው! ዓይኑን በጨው አጥቦ የሚስቱን ልጅ የረሃብ ድሃ አደግ አደረጋት፣ ራሱን ደግሞ አዳኟ። እናቴ የወለደቻትን ልጅ ለማግኘት አልወለድኳትም ብላ መማል ነበረባት። ካልማለች ልጅቷ እዚያው ወጥ ቤት ትቀራለች።

ዝግጅቱ ተጀመረ። ጉዲፈቻውን የሚከታተለው ቢሮ ቤታችንን የምታይ ሶሻል ወርከር እንደሚልክ ተነገረን። አባቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ የነበረውን የጢማሙን አብዮተኛ ፎቶ አንስቶ አልጋ ሥር ከተተውና በቦታው የጎልደን ጌት ድልድይ ካላንደር ሰቀለ። ያ ኢምፔሪያሊዝምን በየሳምንቱ የሚረግም ሰው የአሜሪካ ዜግነት በድብቅ ከወሰደ ዓመት አልፎታል፤ ለክበቡ ግን ትንፍሽ አላለም። እኔን አጠገቡ አስቀምጦ "እህት እንደምትፈልጊ ትነግሪያታለሽ፣ ፈገግ ብለሽ" አለኝ።

ሶሻል ወርከሯ ሚስ ካርልሰን ዝናብ ያበሰበሰው ኮት ለብሳ መጣች። የምተኛበትን ክፍል አየች፣ ማቀዝቀዣውን ከፍታ አየች፣ ከዚያ ሶፋው ላይ ተቀምጣ እናቴን በደግ ድምፅ ጠየቀቻት።

"ያልወለዱትን ልጅ እንደወለዱት አድርገው መውደድ የሚችሉ ይመስልዎታል?"

እናቴ እጆቿን ጭኖቿ መካከል ቀበረቻቸው። "ኤክስኪዩዝ ሚ" አለችና ተነስታ ሄደች። የመታጠቢያ ቤቱ በር ተቆለፈ፣ ውሃው ሲወርድ ተሰማ።

"ባለቤቴ የሕዝቧ ረሃብ ትዝ ሲላት እንዲህ ነው" አለ አባቴ፣ ሐዘን በተሞላ እንግሊዝኛ። ሚስ ካርልሰን ራሷን ነቀነቀች። ይኼው ሰውዬ ነው እንግዲህ፤ ውሸቱን እንኳን በሚስቱ እንባ አጅቦ ነው የሚሸጠው!

በሩን አንኳኳሁ። እናቴ ፊቷ እንደረጠበ ከፈተችልኝ።

"ልጅቷን አትፈልጊያትም አይደል?" አልኳት በእንግሊዝኛ። ስናደድ አማርኛው ይጠፋኝ ነበር።

"እፈልጋታለሁ፣ ሰናይትዬ።"

"ታዲያ ለምን አትይም? አባዬ ብቻውን ነው የሚያወራው።"

"እሱ ይችልበታላ" አለችና ፎጣውን ፊቷ ላይ ጫነችው።

ልብስ ልትገዛላት ዳውንታውን ስትሄድ ይዛኝ ሄደች። የሴት ልጆች ቀሚስ ያለበት ፎቅ ላይ አንዲት የማናውቃት ጥቁር ልጅ ከእናቷ ጋር ቆማለች። እናቴ አየቻት፣ አየቻት፤ ከዚያ ቀረብ ብላ እጇን የልጅቷ ትከሻ ላይ አሳረፈች። "ይቅርታ፣ ዕድሜሽ ስንት ነው?" አለቻት። ልጅቷ አሥራ ሁለት ስትል እናቴ የመረጠችውን ቀሚስ ጀርባዋ ላይ ለካች፣ እጅጌውን ለካች፣ ጎንበስ ብላ ቁመቱን አየች፤ መልቀቅ አቃታት። የልጅቷ እናት መጀመሪያ ግንባሯን ቋጥራ ነበር፤ ኋላ ግን ዝም ብላ ጠበቀቻት። እኔ በቅናት እፍን አልኩ። ለኔ ልብስ ስትገዛ ቁጥሩን አይታ ነው የምታነሳው።

ማታ አባቴ ቀሚሱን በሁለት ጣቱ አንጠልጥሎ አየው። "ይሄን ያህል ምን አስፈለገ? ድሃ አደግ ናት እኮ! ይቺን አስጊጠሽ ብታመጫት ሰው ምን ይላል?" አላት። እናቴ ቀሚሱን ተቀብላ አጣጠፈችው። የሰው አፍ ነበር የዚህ ሰው አምላክ፤ ጠዋትም ማታም የሚሰግደው ለሱ ነው።

ጉዞው በጥር ሆነ። ሁለቱም ሊሄዱ ቲኬት ተቆርጧል። ከመሄዳቸው በፊት ባለው እሑድ ጋሽ ገብረክርስቶስና ባለቤቱ እትዬ መዓዛ ሳን ሆዜ ቤታቸው የሽኝት ግብዣ አደረጉላቸው። የአፕሪኮት እርሻ ተነቅሎ የተሠራ አዲስ ቤት ነበር፣ ምንጣፉ እግር የሚውጥ። የክበቡ ሰዎች ሚስቶቻቸውን ይዘው መጥተዋል። ዶሮው ተበላ፣ ቢራው ተጠጣ፣ ንግግሩ መጣ።

ጋሽ ገብረክርስቶስ ቆመ። ይህ ሰው የአገሩን ወግ ሁሉ "ፊውዳል" እያለ ሲያጣጥል የኖረ ነው። ያን ቀን ግን ሁለት ቢራ ወግ አጥባቂ አደረገው።

"የፈረንጅ ፔፐር ወረቀት ነው" አለ። "በእኛ ባህል ልጅ የራስ የሚሆነው በጡት ነው። አሳዳጊዋ አውራ ጣቷን ማር ውስጥ ትነክራለች፣ ልጁ ይጠባዋል። በቃ! የጡት ልጅ ሆነ ማለት ነው። ውብዳርም እዚያ ሽማግሌ ሰብስባ ይህን ታድርግ። እኛም ማሩን ከዚህ እናስይዛታለን!"

አለና ከሱፐርማርኬት የተገዛ፣ በድብ ቅርጽ የተሠራ የፕላስቲክ ማር አወጣ። ቢጫ ቆብ የደፋች ድብ። የማር አገር ለሆነች ኢትዮጵያ የካሊፎርኒያ ማር ሊያስጭኗት! አንድም ሰው አልሳቀም። እንዲያውም "ግሩም ሐሳብ ነው!" ተባለ። አባቴ የሁሉንም ፊት እየዞረ ያያል፤ ደስታው አፍኖታል።

"እስቲ እዚሁ በሰናይት አሳዪን" አለች እትዬ መዓዛ፣ በቅን ልቦና። "ልጆቹም ባህላቸውን ይወቁ።"

መሃል ላይ አቆሙኝ። ጋሽ ገብረክርስቶስ የድቧን ሆድ ጨመቀና የእናቴ አውራ ጣት ላይ ማር አፈሰሰ። እኔ አፌን ከፈትኩ። ማሩ እየተጎተተ ምንጣፉ ላይ ሲንጠባጠብ አየሁ፤ የእናቴ ጣት ግን አፌ ዘንድ አልደረሰም። አየር ላይ ቆመ።

"አላደርገውም" አለች።

"እንጫወት ብለን ነው እኮ ውቤ፣ ምን አለበት?" አለ አባቴ እየሳቀ።

"ፅጌረዳ ጡቴን ጠብታለች። ሁለት ዓመት ሙሉ ጠብታኛለች። ማር አያስፈልጋትም።"

አባቴ ሳቁን አላቋረጠም፤ ድምፁ ብቻ ቀጠነ። "ሌሊት ሌሊት ስለምትሠራ ነው፣ ደክሟታል" አለ።

"አልደከመኝም!" ቱግ አለች። ማር የተቀባ ጣቷን እንደዘረጋች ዞራ አንድ በአንድ አየቻቸው። "ወልጃታለሁ። ደሴ፣ እናቴ ቤት ነው የወለድኳት። እምሩ ሳያገባኝ በፊት ነግሬዋለሁ። እናቷ በረሃብ አልሞተችም። እናቷ እኔ ነኝ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ሻይ የማቀርብላችሁ ሴትዮ! ልጄን ለማግኘት ልጄን ካጂ አለኝ፣ እሺ አልኩ። የእናንተን ጭብጨባም ቻልኩ። አሁን ግን በቃኝ።"

እነዚያ ስለ ሴቶች ጥያቄ አፋቸው የማይደክም ወንዶች ሁሉ ሳህናቸውን ማየት ጀመሩ። አንዱ አጥንት ጋጠ። ጋሽ ገብረክርስቶስ የድቧን ቆብ እየጠመዘዘ ዘጋ፤ ከዘጋው በኋላም መጠምዘዙን አልተወም። ከዚያ ሁሉ የተማረ ሰው መካከል የሰው ወግ የደረሳት እትዬ መዓዛ ብቻ ነበረች። እርጥብ ጨርቅ ይዛ መጥታ የእናቴን ጣት ጠረገችና "ትመስልሻለች?" አለቻት ቀስ ብላ። እናቴ ያኔ አለቀሰች።

እኔ አፌን እንደከፈትኩ ነበርኩ። ክፉዋ እናቴ ክፉ አለመሆኗን የተረዳሁት እዚያ ምንጣፍ ላይ ቆሜ ነው። ስለ አባቴ ግን ገና አልተረዳሁም፤ አዋረደችው ብዬ አዘንኩለት። ለአንድ ልጅ ሁለት ወላጅ በአንድ ቀን መገልበጥ ይከብዳል።

በመኪናው ስንመለስ ሄይዋርድ ላይ አባቴ "አዋረድሽኝ" አለ። "ስሜን አጠፋሽው። እኔ አልሄድም። ከዚህ ጉዳይ ውስጥ ስሜን አውጪልኝ።"

"ስምህን ማን ለመነህ?" አለች። "ልጄን በራሴ ስም አመጣታለሁ።"

"እህቴ ናት ማለት ነው?" አልኩ ከኋላ።

"እህትሽ ናት" አለች እናቴ፣ ወደኔ ዞራ።

ብቻዋን ሄደች። አዶፕሽኑ ተሰረዘ፤ እናት የወለደችውን ልጅ የምታመጣበት መንገድ ለካ ድሮውንም ነበር፣ የዘጋው የአባቴ ኩራት ነው። እሷ እዚያ ከቢሮ ቢሮ ስትንከራተት አባቴ እዚህ አገገመ። መጀመሪያ ሁለት ቅዳሜ ከሰው ተሸሸገ። በሦስተኛው ቅዳሜ ክበቡን ሰብስቦ አዲስ ንግግር አደረገ፤ ሁሉን እያወቀ ይቅር ያለ፣ የሌላ ሰው ልጅ እንደ ልጁ ለማሳደግ የቆረጠ ሰው ሆኖ ቀረበ። እንደገና ተጨበጨበለት! በቅርቡ እንኳን ዳሊ ሲቲ አንድ ሠርግ ላይ ያገኘኋቸው ጡረተኛ ሽማግሌ "አባትሽ እኮ ድሃ አደግ ያሳደገ ታላቅ ሰው ነው" ብለውኛል። እናቷ በሕይወት አለች አልኳቸው። አልገባቸውም፤ ወደ ምግቡ ሄዱ።

ሚያዝያ ላይ ልንቀበላቸው ወደ አየር ማረፊያው ሄድን። አባቴ ሱፍ ለብሷል። ጋሽ ገብረክርስቶስን ካሜራ አስይዞ አምጥቶታል፤ ለክበቡ መጽሔት የሚሆን ፎቶ ያነሳል ተብሎ። በሩ ተከፈተና ከሰዉ መካከል እናቴ ወጣች፣ ከስታለች። ከጎኗ ኮቷን እስከ አንገቷ የቆለፈች ቀጭን ልጅ አለች። ግንባሯ የእናቴ ነው፣ አረማመዷ የእናቴ ነው። ከእኔ ይልቅ እናቴን እሷ ትመስላለች።

"እማ፣ እሳቸው ናቸው?" ስትል ሰማኋት። እናቴ ራሷን ነቀነቀች።

ገና አጎቷ ቤት ሳለች፣ ስታገኘው ምን ብላ እንደምታመሰግነው አባቴ በሰው የላከባት መልእክት ደርሷታል፣ አጎቷም በሚገባ አስጠንተዋታል። እናቴ ይህን አታውቅም ነበር። ፅጌረዳ አባቴ ፊት ስትደርስ ሰው ሁሉ በሚተላለፍበት ወለል ላይ ተንበረከከች። ግንባሯን ወደ ጫማው ዝቅ አድርጋ፣ እንደተማሪ በአንድ ትንፋሽ ጀመረች፦

"ጌታዬ፣ እኔን ድሃ አደጓን ከረሃብ ስላወጡኝ፣ ወድቄ እግርዎን..."

የሚያልፉት ፈረንጆች ቆም ብለው ያያሉ። አባቴ እጁን ወደ ራሷ ዘረጋ። ሊያነሳት መስሎኝ ነበር፤ ሊባርካት ነው። ዓይኑ ካሜራው ላይ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ አባቴን አየሁትና ጠላሁት፤ ያ ጥላቻ እስከ ዛሬ ቀዝቅዞልኝ አያውቅም፣ እንዲቀዘቅዝም አልፈልግም።

እናቴ ሻንጣዋን ጣለች። ልጅቷን በኮቷ አንገትጌ ጨምድዳ ብድግ አደረገቻት፣ ጉልበቷን በመዳፏ አራገፈችላት።

"ተነሺ!" አለቻት። "የዚህን ሰው ጫማ የሚስም ልጅ አልወለድኩም።"

ጋሽ ገብረክርስቶስ ካሜራውን ዝቅ አደረገ። የአባቴ እጅ አየር ላይ ቀረ። እናቴ በአንድ እጇ እሷን በሌላው እኔን ይዛ፣ መኪናውን የት እንዳቆመው እንኳን ሳትጠይቀው፣ ወደ ኦክላንድ የሚሄደው አውቶቡስ ወደሚቆምበት ይዛን ወጣች።